ጀፎረውን የማይቆጥር ካሳ

ወልቂጤ ላይ የሚቆም ፎቅ ሁሉ ከአንድ ኮረብታ ጎን ተፈንቅሎ የመጣ ነው። ቡታጅራ ውስጥ የሚነጠፈው ኮብልስቶን፣ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ሥር የተደለደለው ገረጋንቲ፣ ነጋዴው ልጅ መስቀል ከመድረሱ በፊት ለአባቱ የሚያስጨርሰው የብሎኬት ቤት፣ ሁሉም ድንጋዩንና ጠጠሩን የሚያገኘው ከሆነ መንደር ግጦሽ ዳር ወይም ከሆነ ገበሬ ማሳ ጥግ ነው። ከተሜው ድንጋዩን የሚያውቀው ተጠርቦና ተፈጭቶ ሲደርሰው ነው። ጉድጓዱ ግን መንደሩ ጋ ይቀራል። ስለ ድንጋይ ካባ የሚነሳ ክርክር መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል።

በቸሃ ወረዳ፣ በእምድብር ዙሪያ ባሉት መንደሮች፣ «እዚህ ኮረብታ ላይ ካባ ሊከፈት ነው» ቢባል ነዋሪው የሚጠይቀውን መገመት አይከብድም። ምንጩ ይደርቅ ይሆን? ድማሚቱ ግድግዳውን ይሰነጥቀው ይሆን? አቧራው እንሰቱ ላይ ሲያርፍ ምን ይውጠናል? ገልባጩ በየት በኩል ሊያልፍ ነው? ይህን የሰማ የቢሮ ሰው «ነዋሪው ልማት አይፈልግም» ብሎ ሪፖርቱ ላይ ቢጽፍ ሕዝቡን አላወቀውም ማለት ነው። በ1950ዎቹ መንግሥት መንገድ እስኪሠራላቸው ሳይጠብቁ፣ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴና አገር ቤት ያለው ገበሬ ገንዘብ እያዋጡ፣ የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ወደ አገራቸው መንገድ ያስገቡት ጉራጌዎች ናቸው። ያ መንገድም በድንጋይ ነው የተሠራው። ድንጋዩ ይውጣ አይውጣ የሚለው ለዚህ ሕዝብ አዲስ ጥያቄ አይደለም። የሚያስጨንቀው ድንጋዩ ሲወጣ ማን ተጠይቆ፣ ምን ተቆጥሮ እንደሚወጣ ነው።

ስለ መቆጠር ካነሳን ጀፎረ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ። የቸሃን መንደር ያየ ሰው የማይረሳው ነገር በሁለት ረድፍ በተሰለፉት ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ፣ ጀፎረው፣ ነው። ሠርግ የሚታጀበው በእሱ ላይ ነው፤ ለቅሶ የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ደመራ ይቆምበታል፣ ጥጃ ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ነገር ይቋጩበታል። ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳይገባበት አባት ለልጅ እያስጠነቀቀ፣ ባህላዊው ሕግ እየጠበቀው እዚህ ደርሷል። መሬት በጠበበበት፣ ከእንሰትና ከጫት የተረፈ ቁራሽ በሌለበት አገር፣ አንድ መንደር ይህን ያህል ሜዳ ለጋራ ብሎ ሳያርስ ማቆየቱ ከባድ ስምምነት የጠየቀ ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ከአገራችን የመንደር አሠራሮች ሁሉ ለዚህ የሚተካከል አላውቅም።

እንግዲህ ካባ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ የመውጫ መንገድ ነው። ካባውን የሚከፍተው ባለፈቃድ ሰፊ፣ ደልዳላ፣ ቤት ያልተሠራበት፣ ሰብል ያልተዘራበት መሬት ይፈልጋል። ጀፎረው በእሱ ዓይን እንደዚያ ነው። ጭነት የያዘ ገልባጭ ክረምት ላይ አንድ ሳምንት ቢመላለስበት ሣሩ ይነቀላል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ የጎማው ቦይ ውኃ መውረጃ ይሆናል። በጋ ላይ ደግሞ ሜዳው የአቧራ መንገድ ነው። እናት ልጇን ደጅ ለቅቃ ወደ ጓሮ መግባት አትችልም። በካርታ ላይ ስንለካው ካባው ከመንደሩ ራቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ በገልባጩ መንገድ ስንለካው ግን መሐል መንደር ገብቷል።

ካሳስ? ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን መካድ አይገባም። ቀድሞ የገጠር ባለይዞታ የሚሰላለት ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። አሁን አዋጁ፣ ባለይዞታው ምትክ መሬት ካላገኘ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። ለወል ይዞታም ካሳ እንዲከፈል፣ ስሌቱም በመሬቱ አጠቃቀም ወይም በሚታጣው ጥቅምና መተዳደሪያ ላይ እንዲመሠረት ደንግጓል። ወረቀቱ ላይ ጀፎረ አልተረሳም ማለት ይቻላል። ገማች ኮሚቴው ሜዳው ላይ ቆሞ ቅጹን ሲሞላ ግን ምን ይጽፋል? የግጦሹን ሣር በክምር ገምቶ ሊጽፍ ይችል ይሆናል። ለለቅሶ የሚሆን ቦታ ማጣት በስንት ብር ይተመናል? መንደሩ ለደመራ የት ይሰብሰብ? የዓመት ገቢ ያልነበረው ነገር በ15 ሲባዛም በ100 ሲባዛም ያው ዜሮ ነው።

እንሰቱም ቢሆን ለዚህ ስሌት አይመችም። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ሲጠራ መነሻው ቸሃ ውስጥ ያየው ኑሮ ነበር። እንሰት ተተክሎ፣ ከአንድ መደብ ወደ ሌላው እየተዛወረ፣ ለቆጮ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ ከፍ ባለው ደጋ ከዚያም ይዘገያል። አንድ ቤተሰብ ጓሮው ውስጥ በየዕድሜው የተደረደረ እንሰት አለው፦ የዘንድሮው ችግኝ፣ የአምናው፣ የሦስት ዓመቱ፣ ለመፋቅ የደረሰው። አብዛኛው ቤት ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ስለሆነ ደረሰኝ የለውም። ታዲያ ከዚህ ጓሮ ውስጥ «ዓመታዊ ገቢ» የሚባለው የቱ ነው? ዘንድሮ የተፋቀው ብቻ ከሆነ ቀሪዎቹ የአምስትና የስድስት ዓመት ልፋቶች የትም አልተጻፉም።

ከእንሰቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሥሩ ያለው አፈር ነው። የጉራጌ ጓሮ አፈር በሰው እጅ የተሠራ አፈር ነው። አያት፣ እናት፣ ምራት በየጠዋቱ ከከብቱ በረት እበቱን እየተሸከሙ ለትውልዶች ያለበሱት ነው። ምትክ መሬት ሲሰጥ በሄክታር እኩል ሊሆን ይችላል፤ የስልሳና የሰማንያ ዓመት እበት ግን በምትክ አይሰጥም። ስለዚህ ካባው የቤት ጓሮ የሚነካ ከሆነ «ምትክ አግኝተዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነቱን ግማሽ እንኳ አይናገርም። አንድ ዶዘር የላይኛውን አፈር ጠርጎ ከድንጋዩ ጋር ቀላቅሎ ወደ ገደል ለመግፋት የሚፈጅበት ጊዜ ደግሞ ከአንድ ጠዋት አይበልጥም። የላይኛው አፈር ለብቻው ተነስቶ፣ ተከምሮ፣ ሣር ለብሶ እንዲቆይና ካባው ሲዘጋ ተመልሶ እንዲለብስ ማድረግ በብዙ አገር የሚሠራበት ተራ አሠራር ነው። ከፈቃዱ ጋር አብሮ ካልተጻፈ ግን ማንም አያደርገውም።

ስለ ድማሚቱ ብዙ አልልም። ፍንዳታ በሰዓት ይወሰናል፣ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይነፋል፣ የባሩዱ መጠን ይቀነሳል፤ ንዝረቱም በመሣሪያ የሚለካ ነገር ነው። አቧራውም የታወቀ ጠላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከድንጋይ ብናኝ ጋር የሚተነፈሰውን ክሪስታላይን ሲሊካ እ.ኤ.አ. በ1997 ካንሰር አምጪ ከሆኑት ምድብ አስገብቶታል። ሲሊኮሲስ የሚባለው የሳንባ በሽታም አንዴ ከያዘ የሚያድነው መድኃኒት የለም። በመጀመሪያ የሚታመመው ክሬሸሩ ሥር ያለ ጭንብል የሚውለው የመንደሩ ወጣት ነው። «መንገዱን ውኃ እናርከፈክፋለን» የሚለው የተለመደ መልስ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየካቲትና በመጋቢት፣ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ምንጭ ላይ ወረፋ በሚጠብቁበት ወቅት፣ የሚረጨው ውኃ ከየት ይቀዳል?

ውኃ ከሁሉም የሚከብደኝ ጉዳይ ነው። የዚህ አገር ኮረብታ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ከላይ ገብቶ በድንጋዩ ስንጥቅና በንብርብሮቹ መካከል እየተጓዘ ከሥሩ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ዋቤ ወንዝ፣ ከዋቤ ወደ ጊቤ ይወርዳል። ካባ የሚፈልገው ድንጋይና ምንጩን የሚመግበው ድንጋይ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። ኮረብታው ሲቆረጥ ምንጩ ሊደርቅ ይችላል፣ ቦታ ሊቀይር ይችላል፣ ምንም ላይሆንም ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ምንጩ ሲቀንስ መንደሩ «ካባው ነው» ይላል፣ ባለፈቃዱ «ድርቁ ነው» ይላል፣ ማንም በእጁ ማስረጃ የለውም። ማስረጃው መያዝ የነበረበት አንድ ድንጋይ ሳይነሳ ነው። ስንት ሊትር ውኃ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በበጋም በክረምትም መለካት ባልዲና የእጅ ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። የየቤቱን ግድግዳ ፎቶ ማንሳት ዛሬ ስልክ ለያዘ ልጅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ይህን ሳያስመዘግብ ካባ የተከፈተበት መንደር በኋላ የሚያቀርበው አቤቱታ እውነት ሆኖ ሳለ ውድቅ ይሆናል፤ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ወልቂጤ ስለ ውኃ ጆሮ ማጣት ምን እንደሚያስከትል አይታለች። የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው ውኃ ለመጠየቅ አደባባይ ወጡ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 3 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ያ የከተማ ውኃ ጉዳይ ነው፤ ካባ አልነበረበትም። ግን በዚያው ዞን፣ ውኃ ይህን ያህል ደም ባስከፈለበት አገር፣ «ምንጫችንስ?» የምትል ሴት ጥያቄዋ በቃለ ጉባኤ ግርጌ ተጽፎ የሚታለፍ መሆን የለበትም።

የባሰውን ለማየት ወደ ጉጂ እንሂድ። የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1997 ሚድሮክ ለተባለው ኩባንያ ከተሸጠ በኋላ 20 ዓመት ሠራ። በአካባቢው ያሉ ቤተሰቦች ስለሚሞቱና ጉዳት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት፣ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ወንዛቸው አቤት ሲሉ ኖሩ። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት ታደሰ መባሉ ሲሰማ ሻኪሶና አካባቢዋ በተቃውሞ ተናወጡ፤ የማዕድን ሚኒስቴር ግንቦት 1 ቀን ፈቃዱን አገደ። ካባ እንደ ወርቅ ማውጫ መርዛማ ኬሚካል ስለማይጠቀም ሁለቱን በጉዳት ማስተካከል አይገባም። ከለገደምቢ የምወስደው ነገር የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ፈቃዱ ሲታደስ ስለ ጉዳቱ የተደረገ ጥናት በሕዝቡ ፊት አልቀረበም ነበር፤ በጤና ላይ ያለው ጉዳት ይጠና የተባለው ከተቃውሞው በኋላ ነው። ድርጅቱም፣ ሠራተኛውም፣ መንግሥትም፣ ከሁሉም በላይ እነዚያ ቤተሰቦች ከፈሉበት።

ሕጋችን ይህ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ አይፈቅድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ኅብረተሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 92 ይህንኑ አካባቢን ለሚነኩ ሥራዎች ለይቶ ይደግመዋል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ዘገባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይ ጉዳቱ የሚያገኘው ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት እንዲካተት ያዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ፈቃድ ጠያቂው ግምገማውን እንዲያቀርብና መሬቱን መልሶ ለማልማት የሚሆን ገንዘብ እንዲይዝ ያስገድዳል። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ባህላዊ የማዕድን ማምረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ከግምገማው ነጻ ነው። በዶማና በመዶሻ ድንጋይ ለሚፈልጡ ጥቂት ሰዎች ይህ ተገቢ ነበር። በተደራጁ ወጣቶች ስም በባህላዊ ፈቃድ የተጀመረ ሥራ ግን ባለሀብት ኤክስካቫተርና ክሬሸር አቅርቦለት ከወራት በኋላ ትልቅ ካባ ሆኖ ቢገኝ፣ ግምገማውን ማን ይጠይቀዋል? ስሙ ያው «ባህላዊ» ነው። ወረዳው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ቦታው ላይ የቆመውን ማሽን እያየ ፈቃዱን መመደብ አለበት።

የወጣቶቹን ነገር በንዴት ማየት አይቻልም። መሬት የሌለው፣ ትምህርቱን ጨርሶ እቤት የተቀመጠ ልጅ ከካባው የቀን ምንዳ ያገኛል፤ ኮብልስቶን በየከተማው ስንቱን እንዳቆመ እናውቃለን። በአንድ ቤት ውስጥ አባት ለምንጩ ሲቆም ልጅ ለሥራው ሊቆም ይችላል። ይህ መከፋፈል ከካባው አቧራ በላይ መንደሩን ሊጎዳው ይችላል። መንደሩ እንደ መንደር ቀድሞ ካልመከረ ደግሞ ባለፈቃዱ ልጁን ይዞ አባቱን ያሸንፈዋል።

መንደር እንደ መንደር ሲጠየቅ የታየበት ቦታ አለ። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት፣ በኒያምጊሪ ተራራ፣ ቬዳንታ የተባለው ኩባንያ ባውክሳይት ለማውጣት ሲጠይቅ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ቀላል ነገር አዘዘ፦ መንደሮቹ ይጠየቁ። 12 የመንደር ጉባኤዎች ዳኛ በተገኘበት ተሰበሰቡ፤ 12ቱም እምቢ አሉ፤ ማዕድኑም ሳይወጣ ቀረ። የእኛ መንደሮች ሁሉ እምቢ ይላሉ ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ «ከዚያኛው ጎን ቆፍሩ፣ በጀፎረው አትለፉ፣ ሲያልቅ ጉድጓዱን ድፈኑ» ብሎ ይፈቅዳል ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ መልሱ የመንደሩ መሆኑ ነው።

ለዚህ ደግሞ ቸሃ አንዱ የሆነበት ሰባት ቤት ጉራጌ ከማንም መማር አያስፈልገውም። የጆካ ቂጫ ነገርን በጉባኤ፣ በመናገርና በመስማት፣ ሁሉም እስኪስማማ በመምከር የሚቋጭ ሥርዓት ነው። ቀበሌው ጠርቶ ፊርማ ያስለቀመበት የግማሽ ቀን ስብሰባ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምክክር ሊባል አይችልም። የጆካም ግን ጉድለት ነበረበት፤ የቃቄ ወርድወት የሴቶችን ጥያቄ ይዛ ሸንጎው ፊት የቆመችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬም ምንጩን በየቀኑ የምታየው፣ እንሰቱን የምትፍቀው፣ እበቱን የምትሸከመው ሴት ናት፤ የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር ሲነበብ ግን የምንሰማው ባብዛኛው የወንድ ስም ነው። ካባ ሊከፈት በታሰበበት መንደር ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው የሚናገሩበት ቀን ካልተያዘ፣ ስለ ውኃና ስለ አፈር የሚያውቀው ግማሽ ሕዝብ አልተጠየቀም።

ድንጋዩ ራሱም አንዳንዴ ከእኛ በፊት የሌሎች ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው የሚያልፍበት ጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። በሶዶ አካባቢ እስካሁን ከታወቁት ወደ 160 ከሚጠጉ የጥንት ቦታዎች አንዱ ብቻ ነው። ቁፋሮ ሲደረግ ከሥራቸው መቃብር ተገኝቷል። በጉራጌ ምድር ካባ ለመክፈት ኮረብታ የሚመርጥ ሰው ከማሽኑ በፊት የባህል ባለሙያና የመንደር ሽማግሌ ይዞ ቦታውን ቢዞር የሚያጣው አንድ ሳምንት ነው።

ቸሃ ያለችበት የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተ አዲስ ክልል ነው፤ ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ናቸው፤ የቸሃ ገበሬ ስለ አንድ ፈቃድ ለመጠየቅ የት መሄድ እንዳለበት ግልጽ ሊደረግለት ይገባል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለሚመለከተው ባለሥልጣን አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ መብት አዲስ አበባ ላለው የመንደሩ ተወላጅ ጠበቃም ይሠራል። ሆኖም አቤቱታ የሚጻፈው የፈቃዱ ቅጂ፣ የግምገማው ዘገባና የካባው ወሰን የተሰመረበት ካርታ እጅ ላይ ሲኖር ነው። እነዚህ ሦስት ወረቀቶች ፈቃዱ ከመሰጠቱ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ ማንበብ ለማይችለውም በጉራጊኛ ይነበቡለት፤ ምክክሩም ተወላጁ ሁሉ አገር ቤት በሚገኝበት በመስቀል ወይም በአረፋ ሰሞን ይያዝ። ወረዳው ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም።